ዘውድ የሌለው አያት

የውርጭ ወር 3

ንጉሡን የገለበጡት ወሮቹንም ለወጧቸው። ይህ ወር «ውርጭ» ይባላል፤ ሠላሳ ቀን አለው። ሳምንቱ አሥር ቀን ሆኗል፤ እሁድ የሚባል ቀርቷል። እኔ ግን ነገ እሁድ መሆኑን አውቃለሁ።

ይህን ደብተር የያዝኩት ነገ ዘወር ብለው «ምን አደረግሽ?» ሲሉኝ የሆነውን እንደሆነው እንድመልስ ነው። ዛሬ የሆነው ይህ ነው።

ጠዋት አታሚዬ ኦኖራ ለማተሚያ ወረቀት እያረጠበ፣ እኔ የመጫወቻ ካርታዎቹን ቀለም እየቀባሁ ሳለ በሩ ተደበደበ። ጃውሜ ነው። ሦስት ዓመት እኛ ቤት ቀለም ቀቢ ነበር፤ ቀዩን ከመስመር እያስወጣ ሥዕል ስላበላሸብኝ አሰናበትኩት። አሁን የሰፈሩ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኗል። ወገቡ ላይ ባለ ሦስት ቀለም መቀነት ታጥቋል። መቀነቱም ላይ ቀዩ ወደ ነጩ ፈሷል።

«ዜጋ ኤስካራስ! ነይ ውጪ!»

ማንን እንደሚጠራ ዞር ብዬ አየሁ። «አንቺ» ይሉኝ የነበሩት እናቴና ባሌ ናቸው፤ ሁለቱም ከሞቱ ቆይተዋል።

«እኔን ነው?»

«አንቺን ነዋ! አንቱታ ቀርቷል። ሁላችንም እኩል ነን።»

«እኩል ከሆንን መስመር ጠብቀህ ቀባልኝ» አልኩት። ኦኖራ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ ሳቁን ዋጠ።

ጃውሜ ትእዛዙን አነበበ። ዘውድ፣ በትረ መንግሥትና መስቀል ያለበት ካርታ ሁሉ ይወረሳል። እነዚህ የተቀረጹበት የማተሚያ እንጨት በሃያ ቀን ውስጥ ወይ ይፋቃል፣ ወይ ይቃጠላል።

«ዘውዱን ከፋቅከው ካርታው ላይ ያለው ንጉሠ ነገሥት ራሰ በራ ሆኖ ይታተማል» አልኩት።

«ራሰ በራ ይሁን! የኛው ንጉሥ ዘውድ ከነጭንቅላቱ ሄዶ የለ?»

ሳቀ። አብረውት የመጡትም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ለንጉሡ አዝኜ አይደለም፤ ንጉሡ ለእኔ ምን አድርጎልኝ ያውቃል? ግን አርባ ዓመት የተሠራ መስመር እንደ ዓሣ ቅርፊት ፍቄ ልጣለው?

የውርጭ ወር 4

ኦኖራ «እሜቴ፣ ይታዘዙ። እንጨት ነው» አለኝ።

እንጨት ነው! ሠላሳ አንድ ዓመት አብሮኝ ሠርቶ እንጨት ነው ይለኛል። ቀኑን ሙሉ አላናገርኩትም።

የውርጭ ወር 9

ዛሬ እውነቱን እጽፋለሁ፤ ደብተሩን የሚያነበው የለም።

የካርታ እንጨቶቻችን ሁሉ ላይ የባሌ ስም ተቀርጿል። ማርሴይ ውስጥ «የኤስካራስ እጅ» ሲሉ የእሱን እጅ ማለታቸው ነው። ባሌ ግን ቢላ ይዞ ድንች እንኳ በወጉ አይልጥም ነበር። ደግ ሰው ነበር፤ አንደበቱ ጣፋጭ ነበር፤ ደንበኛ ማባበል ያውቅበት ነበር። የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ ላይ ቤት፣ በር ዘግቼ። «ሴት ቀረጸችው ከተባለ ማን ይገዛናል?» ይል ነበር። ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ ቀራጩ ኦኖራ ይመስለዋል። እሱም ሲያመሰግኑት አንገቱን ይደፋል፤ «አይደለሁም» ቢል ሚስጥሬን ያወጣብኛልና። እኔም ዝም እላለሁ።

ዘውድ የደፉት አራቱ ካርታዎች፣ ጳጳሷ ሴት፣ ንግሥቲቱ፣ ንጉሠ ነገሥቱና ጳጳሱ፣ በአንድ የፒር ዛፍ እንጨት ላይ ነበሩ። አሮጌውን እንጨት ነቀዝ በላው። ባለፈው በጋ ከተማችን አምፃ፣ የመጣባት ጦር መድፍ ኮረብታው ላይ ሲያጓራ፣ ሰው ሁሉ ምድር ቤት ተደብቆ ሳለ፣ እኔ ላይ ቤት ቁጭ ብዬ አራቱን እንደገና ቀረጽኳቸው። በሕይወቴ ከቀረጽኩት ሁሉ ይበልጣል። የንጉሠ ነገሥቱ ጢም አንዷ ክር ከሌላዋ ተለይታ ትታያለች።

እስካሁን ከኦኖራ በቀር ያየው የለም።

የውርጭ ወር 13

አሮጌውን ነቀዝ የበላውን ሰጠኋቸው። አደባባይ ላይ አቃጠሉት፤ ጃውሜ ንግግር አደረገ። አዲሱ ከአልጋዬ ሥር ነው።

የውርጭ ወር 16

ሚዮን መጣች። ዓሣ ሻጭ ናት፤ ከዓሣው ጀርባ ደግሞ ካርታ ዘርግታ ዕድል ትናገራለች፤ አንቱታ ከቀረ ወዲህ እሷም «አንቺ» ትለኛለች። ዘንድሮ ከዓሣዋ ይልቅ ካርታዋ ይፈለጋል፤ የሴቱ ሁሉ ባል ወይ መርከብ ላይ ነው፣ ወይ ሠራዊት ውስጥ፣ ወይ እስር ቤት።

«እትዬ ማግደሎን፣ አራቱን ወሰዱብኝ እኮ! ያለ እነሱ እንዴት አድርጌ ልንገር?»

«ሌሎቹ አሉሽ አይደል? ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ኮከብ…»

«ኮከብ ተስፋ ናት። ተስፋ ብቻውን ምን ይሆናል? አንዲት ሴት መጥታ "ባሌስ?" ስትለኝ ባሏ ንጉሠ ነገሥቱ ነው። ፊቱን ወደ እሷ ካዞረ ይመለሳል፤ ጀርባውን ከሰጣት አልቅሺ እላታለሁ። ባል የሌለበት ካርታ ዘርግቼ ምን ልበላት?»

«ለኔ ሥዕል ነው» አልኳት። «እቀርጻለሁ እንጂ አላነብም።»

«ትቀርጫለሽ?»

አመለጠኝ። «እናትማለን ማለቴ ነው» አልኩ።

ከዚያ ያደረግሁትን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል። ኦኖራ ወረቀት ሊያመጣ ወርዶ ነበር። እንጨቱን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ጥላሸት ቀለም ቀባሁ፤ አንድ ወረቀት ጣልኩበት፤ ቀለሙ እንዲይዝ በማተሚያው የፀጉር ጥቅል አሸሁት። ስገልጠው ሚዮን አፏን በእጇ ያዘች።

«እመቤቴ ማርያም! ሊናገር ነው እኮ!»

ለሚዮን አዝኜ ነው ያተምኩላት።

የውርጭ ወር 17

ኦኖራ ቀለሙን እንጨቱ ላይ አየ። አልተቆጣም። ቁጭ አለና «አይ፣ እሜቴ» አለ። እሱ ብቻ።

የውርጭ ወር 28

ኦኖራን ወሰዱት።

ዳቦ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ስመለስ ሚዮን ደጃፌ ላይ ቆማ እያለቀሰች የሆነውን ነገረችኝ። ጃውሜ ካርታውን እጇ ላይ አግኝቶ ያዘባት። በአሮጌው እንጨት የጳጳሱ እጅጌ ላይ ሦስት የነቀዝ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ሲታተም ሦስት ነጭ ነጥብ ሆነው ይወጡ ነበር። በዚህኛው የሉም። «አዲስ እንጨት አለ!» ብሎ መጣ። ዓይን አለው፤ ማየት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እንጨቱንም ከአልጋዬ ሥር ጎትተው አወጡት።

ኦኖራ «የቀረጽኩት እኔ፣ ያተምኩት እኔ። እሜቴ አያውቁም» አላቸው።

እኔ አላውቅም!

የበረዶ ወር 1

ወረቀቱን ማን ያረጥባል? ልክ የሆነ እርጥበት እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሥራው ቆመ። የሚያሳስበኝ እሱ ነው፤ ሥራው።

የበረዶ ወር 5

የልደት በዓል ነው፤ ደወል የለም። የሽምብራ ዱቄት ቂጣ ጠብሼ ወደ እስር ቤቱ ወሰድኩ። ጠባቂው ግማሹን እፊቴ በላው። የኦኖራን የሱፍ ሸሚዝም ሰጠሁ። ሚስትራል የሚሉት ብርዳም የሰሜን ነፋስ ሌሊትና ቀን እየነፈሰ ነው፤ እዚያ መስኮቱ መስተዋት የለውም ይላሉ። ማንም አሠሪ ለሠራተኛው የሚያደርገው ነው።

የበረዶ ወር 11

ዳቦ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ፦

«ኦኖራ አይደል የቀረጸው? አየሽው ጢሙን?»

«ምን ዓይነት እጅ ነው እባክሽ! እንዲህ ያለ እጅ ሊቆረጥ ነው።»

«እጅ አይቆርጡም፤ አንገት ነው የሚቆርጡት።»

ዳቦዬን ሳልወስድ ተመለስኩ። ከሁለቱ ቃል የትኛው እንደወጋኝ ሳስብ ዋልኩ። ሁለቱም ነው። በራሴ አፍሬያለሁ።

የበረዶ ወር 19

የከተማችንን ስም ሰረዙት። ስላመፅን ማርሴይ የሚባል የለም፤ «ስም የሌላት ከተማ» ተብለናል። ሺህ ዘመን የኖረ ስም በአንድ ወረቀት!

ዛሬ ሚዮን መጣች። ከተያዘባት የተረፉትን ካርታዎች ከጉያዋ አወጣች። አላምንም፤ ግን «ዘርጊው እስቲ፣ ቀለሙ እንዴት እንደያዘ ልየው» አልኳት። ሦስት ጣለች። መጀመሪያ የወጣው በእግሩ የተሰቀለው ሰው ነው።

«ይሄ ኦኖራ ነው» አለች። «ተሰቅሏል፤ ፊቱን ግን እይው፤ አልተከፋም። ሰው ሳያስገድደው ራሱ ወዶ የተሰቀለ ነው።»

ሁለተኛው መብራት ይዞ የሚሄደው ሽማግሌ። ሦስተኛው አሥራ ሦስተኛው ካርታ፤ ማጭድ የያዘው አጽም። ከካርታው ሁሉ ስም ያልተጻፈበት እሱ ብቻ ነው።

ዓይኔን ዘወር አደረግሁ።

«አትፍሪው» አለች ሚዮን። «ሞኝ ነው ሞት የሚለው። ያጭዳል እንጂ። መሬቱን አይተሽዋል? ራስሽ አይደለሽ የቀረጽሽው? ከተቆረጠው እግር አጠገብ ሣር በቅሏል።»

ሣሩን የቀረጽኩት ባዶ ቦታ ስለማልወድ ነበር። «ራስሽ የቀረጽሽው» ማለቷን ያስተዋልኩት ከሄደች በኋላ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?

የበረዶ ወር 22

ኮሚቴው የሚቀመጠው በቀድሞው ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። ጥሩ ቀሚሴን ለብሼ፣ የራሴን ቢላ በጨርቅ ጠቅልዬ ሄድኩ። ስለ ኦኖራ ብዬ አይደለም የሄድኩት። ማንም ሰው የኔን መስመር የራሱ አድርጎ ሊናገር አይችልም፤ ለዚያ ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ላዛር የሚባል የመርከብ አናጢ ነው። ሽበታም፣ ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት የጎደለው።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ልከስ ነው የመጣሁት። ሥራዬን ተሰርቄአለሁ።»

«ማን ሰረቀሽ?»

«ኦኖራ። ያንን እንጨት የቀረጽኩት እኔ ነኝ ብሏል አሉ። ውሸቱን ነው። የቀረጽኩት እኔ ነኝ። የኤስካራስን ቤት እንጨቶች ሁሉ፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣ እኔ ነኝ የቀረጽኩት።»

ጸሎት ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጃውሜ ብድግ አለ። «አሽከሯን ልታድን ነው! ሦስት ዓመት ስሠራ ቢላ ይዛ አይቻት አላውቅም!»

«በር ተዘግቶ ነበራ» አልኩት።

ላዛር ኦኖራን አስጠራው። ሲያመጡት አላወቅሁትም። ጺሙ ነጭ ሆኗል፤ ያመጣሁለት ሸሚዝ ላዩ ላይ ይንጠለጠላል። ያስላል። አየኝና ፊቱ ተለወጠ።

«እሜቴ፣ ምን ያደርጋሉ እዚህ? ይሂዱ ቤትዎ።»

«"አንቺ" በላት!» ብሎ ጃውሜ ጮኸ።

«አልችልም» አለ ኦኖራ። «በሌላው ነገር ቅጡኝ።»

ላዛር ሁለታችንን ተራ በተራ አየን። ከዚያ ሁለት ቁራጭ የፒር እንጨት አስመጣ። «አንዳንድ የወይን ቅጠል ቅረጹልኝ» አለ።

ኦኖራ ቢላውን ያዘ። የእንጨቱን ጭረት አቅጣጫ ተጋፍቶ ሰነጠቀው፤ ጣቱን ቆረጠ፤ አሁንም ይገፋል። ደሙ እንጨቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ እሱ ይገፋል።

«አቁም! እንጨቱን አበላሸኸው!» ብዬ ጮህኩ። የሚያሳዝነኝ እንጨቱ አልነበረም።

እኔ ተቀመጥኩ። የራሴን ቢላ ፈታሁ። መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ ቀጥሎ ያስሉ ነበር፤ በመጨረሻ ከቢላዬ በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም። ቅጠሉን ከነጅማቶቹ አወጣሁ። ከሥሩም ማርሴይ ብዬ ጻፍኩ፤ ለማተሚያ እንደሚገባው ከኋላ ወደ ፊት ገልብጬ። የተሰረዘ ስም መሆኑ ትዝ ያለኝ ከጨረስኩ በኋላ ነው። እጅ ነው፤ የለመደውን ይጽፋል።

ላዛር ራሱ ጥላሸት ቀብቶ ወረቀት ላይ ጫነው። ሲያነሳው ስሙ ቀጥ ብሎ ተነበበ። ላዛር ጣት በጎደለው እጁ እንጨቱን ዳበሰው።

«ከማን ተማርሽው?»

«ከአባቴ። ሣጥን ሠሪ ነበር።»

«ያ የተያዘው እንጨት መቼ ተቀረጸ?»

«በበጋ። ትእዛዙ ሳይወጣ።»

«የተያዘው ካርታስ መቼ ታተመ?»

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻለኝ ነበር። ኦኖራ በዓይኑ ይለምነኛል።

«ከትእዛዙ በኋላ። አንድ ወረቀት ነው። ያተምኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አላየም።»

«ለምን?»

ለሚዮን አዝኜ ልል ነበር። አፌ ሌላ አለ።

«ሰው እንዲያይልኝ።»

ላዛር ሳቀ፤ የንቀት ሳቅ ግን አልነበረም። ጎን ለጎን ተንሾካሾኩ። ጃውሜ እጁን ያወናጭፋል። በመጨረሻ ላዛር ተናገረ።

«የዚህች ሴት እጅ ለሪፐብሊኩ ይጠቅማል። የአዋጆቻችንን የራስጌ ሥዕል የሚቀርጽ ሰው አጥተን ድመት የመሰለ አንበሳ ነው የምናትመው። እሱን ትቀርጫለሽ። የአራቱን ዘውድ ደግሞ በአሥር ቀን ውስጥ ታወልቂያለሽ። ሰውየው እስከዚያ እዚሁ ይቆያል።»

ስወጣ መንገድ ለቀቁልኝ። ኦኖራ ሳልፍ «ቅጠሉ…» አለ፤ ሳሉ አቋረጠው።

የበረዶ ወር 25

ፍቄ አልተውኩም። ዘውዶቹ ያሉበትን ቦታ ሰርስሬ በአዲስ የፒር ውታፍ ሞላሁት፤ በሙጫ አጣበቅሁ። ከላዩ እንደገና ነው የምቀርጸው።

ጳጳሷ ሴት የራስ ሻሽ አሰረች፤ መጽሐፏን አልነካሁባትም። ጳጳሱ የገለባ ባርኔጣ ደፋ፤ ከፊቱ የተንበረከኩት ሁለቱ ሰዎች ተማሪዎች መሰሉ፤ መምህር ሆነ። ደህና ነው። ንግሥቲቱ አያት ሆነች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወንድ አያት።

የበረዶ ወር 28

ወንድ አያቱን ሦስት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁት። ፊቱ አልመጣ አለኝ። በአራተኛው መጣ። አፍንጫው ትልቅ ነው፤ የሱፍ ቆብ አድርጓል፤ እርጥብ ወረቀት እንደሚያይ ሰው አንገቱን ትንሽ ደፍቷል። ማንን እንደሚመስል አላሰብኩበትም።

የዝናብ ወር 2

ላዛር አየው። «ይህን ሽማግሌ የማውቀው ይመስለኛል» አለ። ኦኖራ የሚፈታበትን ወረቀት ፈረመ። ጃውሜ ማኅተሙን አቀበለው፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

የዝናብ ወር 3

ኦኖራ ቤት ገባ። ሾርባ አጠጣሁት። ጣቱን አሰርኩለት፤ ቁስሉ አመርቅዟል። ደግፌ ከእሳቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። የታተመውን ካርታ አንስቶ ወደ እሳቱ ብርሃን አዞረው።

«የውታፉ ጠርዝ አይታይም» አለ መጀመሪያ።

«ሊታይ ኖሯል?»

«ይሄ አፍንጫ…»

«አፍንጫ ነው። ሰው ሁሉ አፍንጫ አለው።»

«እንዲህ ያለ ግን የለውም።» አሳለ፤ ከዚያ ሳቀ። «እሜቴ፣ ንጉሠ ነገሥት አደረጉኝ እኮ።»

«ዘውድህን አውልቄልሃለሁ» አልኩት።

ስለ እስር ቤቱ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። ጎኑ ላይ የበለዘ ምልክት አይቻለሁ።

የዝናብ ወር 17

ካርታዎቹ በደንብ እየተሸጡ ነው። ሚዮን እንዳለችው ከሆነ ወንድ አያቱ ሲወጣ «ቤት የሚቀር ሰው» ማለት ነው፤ ሴቶቹ እሱን ሲያዩ ያለቅሳሉ። «ከድሮው ይሻላል» አለችኝ። «የድሮው ያዝ ነበር፤ ይሄኛው ይጠብቃል።» አያቲቱን ደግሞ ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ። አላውቃትም አልኳት። «አገጯን ቀና አድርጋ ነው የተቀመጠችው፤ ማን እንደሆነች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» ብላ ሳቀችብኝ።

የአዋጁ ራስጌ ላይ ያለው አንበሳዬ በየግድግዳው ተለጥፏል። በሱ በኩል ለማለፍ መንገዴን አራዝሜያለሁ። ሁለት ጊዜ ብቻ።

የነፋስ ወር 4

የከተማችን ስም ተመለሰ። ማርሴይ ነን።

ዛሬ ወረቀት ስናረጥብ ኦኖራ «እሜቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?» አለ።

«አንቺ ካልከኝ ጠይቅ።»

አፉን ከፈተ። ዘጋው። ፊቱ እንደ ጃውሜ መቀነት ቀላ። «አን…» አለ፤ «አን…» አለ፤ ቀጠለና «እርስዎ!» ብሎ ተነፈሰ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ስልሳ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ቀርቶኝ እንደ ኮረዳ ሳቅሁ።

«ጥያቄህ ምንድን ነው ታዲያ?»

«ረሳሁት» አለ። አልረሳውም።

«እሺ ነው መልሴ» አልኩት።

የነፋስ ወር 11

ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ምስክሮቻችን ሚዮንና ላዛር ናቸው። ጋብቻ መዝጋቢው ወጣት ነው፤ ትልቅ መዝገብ ዘርግቶ ሳይመለከተን ይጽፋል።

«የባል ሥራ?»

«ካርታ አታሚ» አለ ኦኖራ።

«የሚስት…» ብሎ መጻፍ ጀመረ። አንገቴን አስግጌ አየሁት። «የሟች ኤስካራስ ሚስት የነበረች» ብሎ ሊያልፈው ነው።

«ሥራዬን አልጠየቅኸኝም» አልኩት።

ቀና አለ። «ሥራ አለሽ?»

ኦኖራ ከእኔ ቀደመ። እጁን መዝገቡ ላይ አስቀመጠ፤ ጠባሳ ያለበትን ጣቱን። «ጻፍ» አለው። «እንጨት ቀራጭ። በማርሴይ የሚሸጠውን የኤስካራስ ካርታ በሙሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የቀረጸችው እሷ ናት። አንቺ…» ወደ እኔ ዞረ፤ ላብ አጥምቆታል፤ «አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ወጣቱ ላዛርን አየ። ላዛር ራሱን ነቀነቀ። ወጣቱ ጻፈ። ቃሉን ራሴ አነበብኩት፤ ፊደል አልገደፈም። ከሥሩ ማግደሎን ብዬ ፈረምኩ።

መዝገቡን ሊዘጋ ሲል ኦኖራ ያዘበት።

«ቆይ ልጄ» አለው። «ቀለሙ ይድረቅ።»

እስኪደርቅ አራታችንም ቆምን።